ኢንተርኔት የሌለው ዋይፋይ፦ የትምህርት ቤት ሰርቨር እንዴት ይሠራል?

ጣና ዳር ካሉት ካፌዎች አንዱ ጋ ቁጭ ስትሉ አስተናጋጇን መጀመሪያ የምትጠይቋት ምንድን ነው? "ዋይፋይ አለ?" ነው። የፈለጋችሁት ግን ዋይፋይ አይደለም፤ ኢንተርኔት ነው። በንግግራችን ሁለቱ አንድ ሆነዋል። ማኪያቶ ለሚጠጣ ሰው ይህ ምንም አይጎዳውም። ላፕቶፕ ለተሰጠው ትምህርት ቤት ግን ብዙ ያስከፍላል።

አንድ ትምህርት ቤት ላፕቶፖችን ተረክቦ፣ በሞዴል 19 ገቢ አድርጎ፣ ንብረት ክፍል ቆልፎባቸው አይቻለሁ። ካርቶኖቹ አልተከፈቱም። ለምን ብዬ ስጠይቅ "ኢንተርኔት አልገባልንማ" አሉኝ። ኢንተርኔት ባይገባም እኮ ልጆቹ መጽሐፍ መክፈት፣ ቪዲዮ ማየት፣ መልመጃ መሥራትና የቤት ሥራ መላክ ይችሉ ነበር። ግቢው ውስጥ አንድ ሰርቨር ቢኖር ይበቃቸው ነበር።

ጉዳዩ አሁን መነሳቱ ያለ ነገር አይደለም። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በከፊል በኮምፒውተር መሰጠት ጀምሯል። ማውዝ ነክቶ የማያውቅ ልጅ ፈተናው ዕለት ከማውዝ ጋር ሊተዋወቅ አይገባም። በዚያ ላይ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ ለወራት ተቋርጦ እንደነበር የባሕር ዳር ሰው አይረሳውም። በመስመር ላይ ብቻ የተንጠለጠለ ትምህርት መስመሩ ሲቆረጥ አብሮ ይቆረጣል።

ሰርቨር ሲባል ያ ትልቁ ማሽን ነው?

አይደለም። ሰርቨር የሥራ ስም ነው፤ ዘበኛ እንደማለት። በር የሚጠብቅ ሰው ግዙፍም ይሁን ቀጭን ዘበኛ ነው። ሌሎች ኮምፒውተሮች "እስቲ ይህን ስጠኝ" ሲሉት "እንካ" የሚል ማንኛውም ኮምፒውተርም ሰርቨር ነው። ባንክ ቤት ያለው ቁም ሳጥን የሚያህለውም፣ መታወቂያ ካርድ የሚያህለውም ሥራቸው ያው ነው።

ነገሩ የሚገባን በሮቶ ነው። ውሃ በፈረቃ የሚመጣበት ሰፈር የኖረ ሰው ያውቀዋል። ውሃው ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ይመጣል፣ ሮቶው ይሞላል፣ ቀን ቧንቧው ቢደርቅም ቤቱ አይደርቅም። ኢንተርኔት ቧንቧው ነው፤ ሰርቨሩ ደግሞ ሮቶው። ኢንተርኔት ባለበት ሰዓትና ቦታ ይሞላል፣ ከዚያ ግቢው ውስጥ ያለው ሁሉ ከእሱ ይቀዳል። አንድ ልዩነት አላቸው። ሮቶ ሲቀዳ ይጎድላል። ሰርቨር ግን አንድ የፊዚክስ መጽሐፍ ለሺህ ተማሪ ሰጥቶም ያው ሙሉ ነው።

"ፕላዝማ"ን የምታስታውሱ ትኖራላችሁ። በ1990ዎቹ መጨረሻ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ውስጥ ትምህርቱ በሳተላይት፣ በትልቅ ቴሌቪዥን ይተላለፍ ነበር። መምህሯ ቴሌቪዥን ውስጥ ናት፣ ትፈጥናለች፣ "አልገባኝም" ቢሏት አትሰማም። መብራት ጠፍቶ ከተመለሰ ትምህርቱ አልፏል። ያ ቧንቧ ብቻ ነበር፤ ሮቶ አልነበረውም። ሰርቨር ላይ ያለ ትምህርት ግን ይቆማል፣ ወደ ኋላ ይመለሳል፣ ነገም እዚያው ይገኛል።

ኢንተርኔት ከሌለ ዋይፋዩ ምን ይሠራል?

ዋይፋይ የማይታይ ገመድ ነው። ላፕቶፑን ራውተር ከምንላት ከዚያች ባለ አንቴና ሳጥን ጋር ያገናኘዋል። ሥራው እዚያ ላይ ያበቃል። ከራውተሯ ወዲያ ያለው ሌላ ጉዳይ ነው። የቴሌ መስመር ከተሰካባት ወደ ኢንተርኔት ታደርሳለች። ሰርቨር ከተሰካባት ደግሞ ወደ ሰርቨሩ።

ባጃጅን አስቡ። ባሕር ዳር ውስጥ ከሽምብጥ ሰፈር ወደ ገበያ ለመሄድ ባጃጅ ይበቃል። አዲስ አበባ ለመሄድ ግን መናኸሪያ መድረስ ያስፈልጋል። መናኸሪያው ቢዘጋ ባጃጆቹ ሥራ አይፈቱም። ራውተሯም እንደዚያው ናት፤ የውጭ መንገድ ባይኖራትም ግቢ ውስጥ ታመላልሳለች።

ልጆቹ እንዳይደናገጡ አንድ ነገር ቀድማችሁ ንገሯቸው። ላፕቶፑ "ተገናኝቷል፣ ግን ኢንተርኔት የለም" የሚል ማስጠንቀቂያ ያሳያል። ስልክ ላይ ደግሞ የቃለ አጋኖ ምልክት ትመጣለች። ይህ ብልሽት አይደለም፤ እውነቱን ነው የሚናገረው። አንዳንድ ስልክ ግን "ኢንተርኔት የሌለው ዋይፋይ ምን ይረባል" ብሎ በራሱ ወደ ሲም ዳታ ይዞራል። ያኔ የሰርቨሩ ገጽ እምቢ ይላል። ዳታውን ማጥፋት ነው መፍትሔው።

ተማሪው ሰርቨሩን በምን ያገኘዋል?

በአድራሻ። አንድ ኔትወርክ ውስጥ ያለ እያንዳንዱ መሣሪያ የቤት ቁጥር አለው፤ አይፒ አድራሻ ይባላል። ለምሳሌ 192.168.1.10 ሊሆን ይችላል። ተማሪው ብራውዘር ከፍቶ፣ ድረ ገጽ በሚጻፍበት ቦታ ይህን ቁጥር ጽፎ ኢንተር ሲጫን የሰርቨሩ ገጽ ይመጣል። ከፈለጋችሁ ቁጥሩን በስም መተካት ይቻላል። ቁጥሩን ጥቁር ሰሌዳው ጥግ ላይ መጻፍም ያው ነው፤ እንዲያውም እሱን እመርጣለሁ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚደናቀፍባት አንዲት ጉዳይ አለች። ራውተር አድራሻ የምታድለው ባንክ ቤት ወረፋ ቁጥር እንደሚታደለው ነው። ዛሬ 15 የደረሰው ነገ 22 ሊደርሰው ይችላል። ለተማሪዎቹ ላፕቶፕ ይህ ችግር የለውም። ሰርቨሩ ግን ቦታ የሚቀያይር ሱቅ ከሆነ ደንበኛ ያጣዋል። ስለዚህ ራውተሯ ማስተካከያ ውስጥ ገብቶ ለሰርቨሩ ቋሚ ቁጥር ማስያዝ ግድ ነው። "ትናንት ሲሠራ ነበር፣ መብራት ጠፍቶ ከመጣ በኋላ እምቢ አለ" የሚል ስሞታ ስሰማ መጀመሪያ የማየው ይህን ነው።

ምን ምን ያስፈልጋል?

አንድ ኮምፒውተር፣ አንድ ራውተር፣ አንድ አጭር የኔትወርክ ኬብል፣ እና ይዘቱ የሚቀመጥበት ሃርድ ዲስክ። ዋጋ አልጽፍም፤ ዛሬ የጻፍኩት ነገ ይሳሳታል።

ኮምፒውተሩ ምን ይሁን ለሚለው ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ራስፕቤሪ ፓይ የምትባለዋ መዳፍ ላይ የምትቀመጥ ኮምፒውተር ናት። በስልክ ቻርጀር ዓይነት ገመድ፣ በ5 ቮልት ትሠራለች። መብራት የምትበላውም ከአንድ አምፖል ያነሰ ነው። ሁለተኛው አሮጌ ላፕቶፕ ነው። ስክሪኑ የተሰነጠቀ፣ ኪቦርዱ የሞተ፣ "ይወገድ" የተባለ ላፕቶፕ።

እኔን ብትጠይቁኝ አሮጌውን ላፕቶፕ ያዙ እላለሁ። የራሱ ባትሪ አለው፣ ስለዚህ መብራት ሲጠፋ አይደነግጥም። ሃርድ ዲስኩ ውስጡ ነው። ቢበላሽም ከተማው ውስጥ የሚጠግነው አይጠፋም። ፓይዋ ግን ስትበላሽ ምትክዋን ማግኘት ራሱን የቻለ ጉዞ ነው። ሶላር ብቻ ላለው የገጠር ትምህርት ቤት ከሆነ ፍርዴን እገለብጣለሁ፤ እዚያ ፓይዋ ትሻላለች።

ራውተሯን ከሰርቨሩ ጋር በኬብል አገናኙ እንጂ በዋይፋይ አታገናኙ። ምክንያቱ ቀጥሎ ነው።

ስንት ተማሪ ይችላል?

ዋይፋይ እንደ ዕድር ስብሰባ ነው፤ በአንድ ጊዜ የሚናገረው አንድ ሰው ብቻ ነው። አርባ ላፕቶፕ ሲኖር ተራ በተራ፣ በጣም በፍጥነት ይናገራሉ። ተራው የሚዳረሰው ሁሉም አጭር ከተናገረ ነው። ጽሑፍ መክፈት አጭር ንግግር ነው። ቪዲዮ ደግሞ ማይክ ይዞ አልለቅም እንደሚል ሰው ነው። ሰርቨሩም በዚያው አየር ላይ ከሆነ እያንዳንዱ ቃል ሁለቴ ይነገራል። በኬብል የሚባለው ለዚህ ነው።

በቁጥር እንየው። ዝቅ ያለ ጥራት ያለው ቪዲዮ በሰከንድ 1 ሜጋቢት ገደማ ይወስዳል። 40 ልጆች አንድ ላይ ሲከፍቱ 40 ሜጋቢት ይሆናል። የራውተሯ ካርቶን ላይ 300 የሚል ቁጥር ቢጻፍም ክፍል ውስጥ የሚገኘው ከዚያ በብዙ ያነሰ ነው። ለቤት የተሠራች ራውተር ደግሞ ሃያና ሠላሳ መሣሪያ ሲመጣባት ማላብ ትጀምራለች። የፓይዋን የራሷን ዋይፋይ ብቻ ብትጠቀሙ ወሰኑ 20 አካባቢ ነው።

መፍትሔው ግን ሁልጊዜ ትልቅ ራውተር መግዛት አይደለም። ሁለት ልጅ በአንድ ላፕቶፕ ቢሆን ቁጥሩ በግማሽ ይወርዳል። ቪዲዮውን መምህሩ በፕሮጀክተር አንዴ ቢያሳየው ሁሉም ያየዋል። መልመጃው ብቻ በየላፕቶፑ ይሠራ።

ውስጡ ምን ይገባል?

ሮቶ ባዶውን ዋጋ የለውም። መጀመሪያ የምመክረው በጣም ቀላሉን ነው፤ የአዲሱን ሥርዓተ ትምህርት መጻሕፍት ሶፍት ኮፒ። በየቴሌግራሙ የሚዞሩት ናቸው። የታተመው መጽሐፍ ላልደረሰው ልጅ ይህ ብቻውን ትልቅ ነገር ነው። በክፍልና በትምህርት ዓይነት ፎልደር ሠርቶ ማጋራት ነው፤ ሌላ ጥበብ አይፈልግም።

ቀጥሎ ለዚሁ ተብለው የተሠሩ ነጻ ፕሮግራሞች አሉ። ኪዊክስ ውክፔዲያን እንዳለ አውርዶ ያለ ኢንተርኔት ያስነብባል። የእንግሊዝኛው ከነሥዕሉ 100 ጊጋባይት ገደማ ነው። በቀላል እንግሊዝኛ የተጻፈ ሌላ ውክፔዲያም አለ፤ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ሲሆንበት ግር ለሚለው ተማሪ እሱ ይሻለዋል። የአማርኛው 15 ሺህ ገደማ ጽሑፎች ብቻ አሉት፤ ትንሽ ፍላሽ ላይ ይገባል። (እንድናሳድገው የሚጠብቅ ቤት ነው፤ ይህን በሌላ ቀን።)

ኮሊብሪ የሚባለው ደግሞ ቪዲዮና መልመጃ ይይዛል። የካን አካዳሚ ትምህርቶችም በእሱ በኩል ይገኛሉ። መምህሩ የትኛው ተማሪ የትኛው ጥያቄ ላይ እንደተቸገረ ከራሱ ላፕቶፕ ማየት ይችላል። የቤት ሥራ መቀበልና ፈተና መስጠት ለሚፈልግ ሙድል አለ፤ ዩኒቨርሲቲ የገባ ሰው ሳያየው አይቀርም። ሁሉንም በአንድ ቀን ለመጫን አትሞክሩ። አንዱ ሲለመድ ሌላው ይጨመር።

ሐሳቡ የመጣው ከየት ነው?

"ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ላፕቶፕ" የሚል ዓለም አቀፍ ፕሮግራም ነበር። አረንጓዴና ነጭ፣ ሁለት ጆሮ የሚመስል አንቴና ያላቸው ትንንሽ ላፕቶፖች በሺዎች እየተቆጠሩ በ2000 ዓ.ም. አካባቢ ወደ ኢትዮጵያም ገብተው ነበር። የመጀመሪያዎቹ ማስቀመጫቸው 1 ጊጋባይት ብቻ ነበር። በዚህ ቦታ መጽሐፍም የልጁም ሥራ አይበቃም። ስለዚህ ትምህርት ቤቱ ውስጥ የሚቀመጥ ሰርቨር ተዘጋጀላቸው። መጽሐፉን ይይዛል፣ የልጁን ሥራ ግልባጭ ያስቀምጣል፣ ኢንተርኔት ካለ ያከፋፍላል። ፕሮግራሙ ሲቀዛቀዝ በጎ ፈቃደኞች የሰርቨሩን ሶፍትዌር ይዘው ቀጠሉ። ዛሬ "ኢንተርኔት ኢን ኤ ቦክስ" የሚባለው ነጻ ሶፍትዌር የዚያ ልጅ ነው። ኪዊክስንም ኮሊብሪንም አንድ ላይ ይጭናል።

መብራት ሲጠፋስ?

ዋናው ጥያቄ ይህ ነው። የጢስ ዓባይ ኃይል ማመንጫ ቅርባችን ነው፤ 460 ሜጋ ዋት ተብሎ የተሠራው ጣና በለስም ከሐይቁ ነው ውሃውን የሚወስደው። ማመንጫ ጎረቤት መሆንና መብራት አለመጥፋት ግን ለየቅል ናቸው።

መብራት ድንገት ሲሄድ የሚጎዳው ሰርቨሩ ራሱ አይደለም፤ እየጻፈበት ያለው ማስቀመጫ ነው። የዕድር ጸሐፊ መዝገብ ላይ እየጻፈ ሳለ መዝገቡን ብትነጥቁት ስሙ ግማሹ ይቀራል። ፓይዋ ላይ የሚገባው ሚሞሪ ካርድ በዚህ በጣም ይጎዳል። እኔም ደርሶብኛል። አንድ ሳምንት ሙሉ የሞላሁት ካርድ፣ አንድ ከሰዓት ሦስት ጊዜ ሄዶ ሦስት ጊዜ ከመጣ መብራት በኋላ አልነሳም አለ። ግልባጭ አልነበረኝም። እንደገና ሳምንት።

ከዚያ ወዲህ ልማዴ ተቀይሯል። ሁሉ ነገር ተጭኖ ካለቀ በኋላ የሙሉ ካርዱን ግልባጭ ወስጄ ሌላ ካርድ ላይ አስቀምጣለሁ። አንዱ ሲሞት ሌላውን መሰካት ሁለት ደቂቃ ነው። ሰርቨሩ አሮጌ ላፕቶፕ ከሆነ ባትሪው ያድነዋል። ፓይ ከሆነች ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ወዲያው የሚተካ የባትሪ ሳጥን) ወይም እየተሞላ ኃይል መስጠት የሚችል ፓወር ባንክ ያስፈልጋታል። ራውተሯንም አትርሷት። ሰርቨሩ ነቅቶ ራውተሯ ከተኛች ማንም አይደርስበትም።

ሰዓትም አለ። እስከ አራተኛው ትውልድ ያሉት ፓዮች የራሳቸው ባትሪ ያለው ሰዓት የላቸውም፤ አምስተኛዋ ላይ ሰዓቱ ቢኖርም ባትሪው ለብቻው ይገዛል። ኢንተርኔት ከሌለ ሰዓቱን የሚነግራት የለም። አርብ ጠፍታ ሰኞ ብትነሳ ዛሬም አርብ ነው ብላ ታስባለች። ሰኞ የተላከ የቤት ሥራ "አርብ ገባ" ይላል። ተማሪዎቹ ይህን የነቁ ዕለት ጉድ ነው!

በዚያው ላይ የእኛ አቆጣጠር ይጨመራል። መምህሯ የማስረከቢያ ሰዓቱን "2:00" ብላ ብትሞላ ጠዋት 2 ሰዓት ማለቷ ነው። ሰርቨሩ ግን የሚቆጥረው በፈረንጅ ነው። በእኛ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ በሩን ዘግቶ ይጠብቃቸዋል።

ስለ ቻርጅም አንድ ልበል። እያንዳንዱ ላፕቶፕ ሲሞላ 50 ዋት ይወስዳል ብንል 40ው አንድ ላይ 2,000 ዋት ናቸው። ይህ ከኤሌክትሪክ ምጣድ ግማሽ በላይ ነው። ምጣድን በቀጭን ዲቫይደር ላይ የሚሰካ የለም። ላፕቶፖቹን ግን ዲቫይደር ላይ ዲቫይደር እየቀጠሉ ሲሰኩ አይቻለሁ። በረድፍ ከፋፍሎ በተራ መሙላት ይሻላል።

ማን ይይዘዋል?

ብዙ ሰርቨር የሚሞተው በብልሽት ሳይሆን በዝውውር ነው። የአይሲቲ መምህሩ ይዛወራል፣ ፓስወርዱ አብሮት ይሄዳል፣ ቁልፉ ንብረት ክፍል ይገባል። ከዚያ ሰርቨሩ አለ እንጂ አይሠራም። ፓስወርዱ በወረቀት ተጽፎ፣ ታሽጎ፣ ርዕሰ መምህሩ ጋ ይቀመጥ። ሁለተኛ መምህርና ሁለት ሦስት የአይሲቲ ክበብ ተማሪዎች ማስነሳትና በሥርዓት ማጥፋት ይልመዱ። ሚኒ ሚዲያውን የሚያንቀሳቅሱት ተማሪዎች አይደሉ? ይህም ከዚያ አይከብድም። የማስተካከያው ፓስወርድ ግን ለተማሪ አይሰጥም። ይህን መግለጽ ያለብኝ አይመስለኝም።

ይዘቱ እንዴት ይታደሳል?

በጀልባ! ቀልዴን አይደለም። 100 ጊጋባይት በሰከንድ 5 ሜጋቢት በሚያወርድ መስመር ሳይቋረጥ 44 ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ከባሕር ዳር ዘጌ በጀልባ አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ከተማ ውስጥ ጥሩ መስመር ያለው ሰው ሃርድ ዲስኩን ይሞላል፣ አንድ መምህር ቦርሳው ውስጥ ይዞት ይሻገራል፣ ዘጌ ላይ ወደ ሰርቨሩ ይገለበጣል። ኪዊክስም ኮሊብሪም ከዲስክ መቀበልን ያውቃሉ። ዲስኩ ውሃ እንዳይነካው በፌስታል መጠቅለል ነው። በየሴሚስተሩ አንዴ ከሆነ ይበቃል፤ የኒውተን ሕግ በየሳምንቱ አይለወጥም።

ኢንተርኔት ሲገባስ ሰርቨሩ ይጣላል?

አይጣልም፤ እንዲያውም ሥራው ያን ጊዜ ይቀላል። ለአንድ ትምህርት ቤት የሚገባ መስመር ለርዕሰ መምህሩ ቢሮና ለመዝገብ ቤቱ ይበቃ ይሆናል። አርባ ልጅ አንድ ላይ ቪዲዮ ሲከፍትበት ግን ይጨናነቃል። ውሃ የሚመጣበት ቤትም ሮቶውን አያወርድም። ተማሪዎች ከግቢ ሲወጡ፣ ማታ 12 ሰዓት ላይ ማውረዱን አስጀምሮ መሄድ ነው። ሌሊቱን ማንም መስመሩን አይነካውም። ጠዋት 2 ሰዓት ደወሉ ሲደወል ሮቶው ሞልቷል።